ዳሩን መዞር፦ በሰሜን ሸዋ ደጋ የጓሳ፣ የደን፣ የጨፌና የወንዝ ዳር ስጋትን እንዴት እንገምግም

በሰሜን ሸዋ ደጋ የዱር እንስሳና የአገር በቀል ዕፅዋት መኖሪያ ሆኖ የቀረው መሬት ጥቂት ነው። የጓሳ ሣር የሚበቅልበት የመንዝ ጓሳ አለ፤ የወፍ ዋሻ ደን አለ፤ በየአጥቢያው የቤተ ክርስቲያን ጥድና ወይራ አለ፤ የጅረት ዳርና እዚህም እዚያም የተረፈ ጨፌ አለ። ሌላው በአብዛኛው ታርሷል፣ ወይም ባሕር ዛፍ ተተክሎበታል፣ ወይም ቤት ተሠርቶበታል። የቀረውን ለማቆየት የሚፈልግ ቀበሌ ከሁሉ በፊት ምን እንደሚያሰጋው በቅጡ ማወቅ አለበት። ይህ መመሪያ የተጻፈው ለተፋሰስ ኮሚቴዎች፣ ለግብርና ልማት ሠራተኞች፣ ለትምህርት ቤት የአካባቢ ጥበቃ ክበባትና «ምንጫችን ለምን ቀነሰ?» ብሎ ለሚጠይቅ ነዋሪ ነው። የሚጠይቀው ገንዘብ ትንሽ ነው፤ እግርና ትዕግሥት ግን ይፈልጋል።

አሠራሩ በአንድ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው፦ ግምገማውን ከዳር ጀምሩ። «ዳር ሲፈታ መሐል ዳር ይሆናል» እንደሚባለው፣ ደን መሐሉ ገብተው ሲያዩት ጥላውም ወፉም ስላለ ደኅና ይመስላል። የሚጎዳው በጠርዙ ነው። ጓሳውን የሚበላው የገብስ ማሳ ከጠርዙ ነው የሚገባው፤ ጅረቱን የሚገድለው ዳርቻው ላይ ያለው ሳር ሲያልቅ ነው፤ ጨፌው የሚደርቀው ከዳሩ በተቆፈረ ቦይ ነው። መሐሉን ብቻ አይቶ የተጻፈ ሪፖርት ሁልጊዜ ዘግይቶ የሚደርስ ሪፖርት ነው።

በመጀመሪያ፦ የምትገመግሙትን ቦታ አጥብቡ

«የወረዳችን የተፈጥሮ ሀብት» ብሎ የተነሳ ግምገማ የትም አይደርስም። በአንድ ጊዜ አንድ መኖሪያ ያዙ፦ አንድ ጨፌ፣ አንድ የጅረት ክፍል ከምንጩ እስከ ድልድዩ፣ አንድ የደን ጎን። በእግር በግማሽ ቀን ልትዞሩት የምትችሉት መጠን ይበቃል።

በትልቅ ወረቀት ላይ ንድፍ ካርታ ሥሩ። ውሃውን፣ ገደሉን፣ መንገዱን፣ ቤቶቹን፣ ማሳውን፣ የከብት መሄጃውን፣ የባሕር ዛፍ ተክሉን አስገቡ። ከሁሉም በላይ ውሃው ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ በቀስት አመልክቱ። በእኛ አካባቢ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የሰሜን ሸዋ አፋፍ ውሃን ለሁለት የሚከፍል ነውና። ከአፋፉ በስተምዕራብ ያለው፣ ለምሳሌ በደብረ ብርሃን የሚያልፈው በሬሳ፣ ወደ ጀማ ከዚያም ወደ ዓባይ ይገባል። በስተምሥራቅ ያለው፣ እንደ ከሰም ያለው፣ ወደ አዋሽ ይወርዳል፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። እናንተ ዘንድ የተጣለ ቆሻሻ ማን ቤት እንደሚደርስ ካርታው ያሳያችኋል።

በንድፉ ጥግ ላይ በዚያ ቦታ የሚኖረውንና በእሱ የሚጠቀመውን ጻፉ። ለጓሳ መሬት ከሆነ ቀይ ቀበሮ፣ ጭላዳ፣ አይጥና ፍልፈል፣ ጅብራ፣ አስታ፣ ራሱ የጓሳ ሣር። ለአፋፍ ገደል ከሆነ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአንኮበር የተገኘችውና በስሟ የምትታወቀው አንኮበር ሰሪን የምትባለዋ ትንሽ ወፍ። ከዚያ ሰዎቹን ጻፉ፦ ሣር አጫጆች፣ ውሃ ቀጂዎች፣ ንብ አናቢዎች፣ እረኞች። ቦታው ሲጎዳ መጀመሪያ የሚጎዳው ማን እንደሆነ ካልተጻፈ፣ ኋላ ነጥብ ስትሰጡ ክርክሩ መሠረት ያጣል።

የሚዞረው ማን ነው?

አምስት ወይም ስድስት ሰው ይበቃል። የልማት ሠራተኛው ወይም ሠራተኛዋ ይኑሩ፤ ግን ብቻቸውን አይሂዱ። እረኛ የግድ ነው። እረኛ የማያውቀው ጉድጓድና ዋሻ የለም። ውሃ የምትቀዳ ሴት የግድ ናት፤ ምንጩ በየትኛው ወር እንደሚሳሳ በትከሻዋ የምታውቀው እሷ ናት። ዕድሜ የጠገቡ አንድ አባት ወይም እናት፣ የአጥቢያው ደን ካለበትም ከካህናቱ አንድ ሰው ጨምሩ። ከቀበሌው የፈቃድ ደብዳቤ ያዙ፤ የምትዞሩበትን ቀንና መንገድ አስቀድማችሁ ለቀበሌውም ለባለ ማሳዎቹም ንገሩ። ደብተር ይዞ ማሳ ዳር የሚቆምን ሰው ገበሬው «መሬቴን ሊለኩ መጡ» ብሎ ቢሰጋ አይፈረድበትም።

ሽማግሌዎችን ስትጠይቁ ጥያቄው የተወሰነ ይሁን። «አካባቢው እንዴት ነው?» ቢባሉ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ፤ ትክክልም ናቸው። ይልቅስ፦ «አባባ፣ እርስዎ ልጅ እያሉ ይህ ምንጭ በሚያዝያ ይደርቅ ነበር?» «የጓሳው ዳር ያኔ የት ድረስ ነበር? ይምጡና ቦታውን ያሳዩን።» «እማማ፣ ይህን ጅረት ሲሻገሩ ውሃው እስከ ምንዎ ይደርስ ነበር?» የተነገራችሁን ቦታ ላይ ቆማችሁ ካርታው ላይ አስገቡ።

የመንዝ ጓሳ ለዚህ ትልቅ አብነት ነው። ሕዝቡ «ቄሮ» በሚባለው የጋራ ጥበቃ ሥርዓት፣ ራሱ በመረጣቸው አለቆች አማካይነት፣ ጓሳውን ለዓመታት ዘግቶ እያቆየ፣ ሣሩ ሲደርስ በጋራ ከፍቶ እያጨደ ለመቶዎች ዓመታት ኖሯል። ለቤት ክዳኑ፣ ለገመዱ፣ ለዝናብ ጌሳው ሁሉ ሣሩ ከዚያ ነበር። የየካቲት 1967 የመሬት አዋጅ ሲመጣ ያ ሥርዓት ተናጋ፣ ኋላም ማኅበረሰቡ በአዲስ መልክ ጥበቃውን መልሶ ያዘ። ይህን የሚያስታውስ ሰው በሕይወት ካለ፣ ከማንኛውም መሣሪያ በፊት እሱ ዘንድ ሂዱ፤ ሥርዓቱ የት ላይ እንደላላና ምን እንደተከተለ የሚነግራችሁ ራሱ የስጋት ግምገማ ነው።

መቼ ይዞራል?

በዓመት ሁለት ጊዜ። አንዱ ዙር ምንጩ በጣም በሚሳሳበትና ግጦሹ በሚያልቅበት በበጋው መጨረሻ፣ በልጉ ሳይዘንብ ነው። ሁለተኛው ክረምቱ እንደወጣ፣ በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት መጀመሪያ፣ ጎርፉ የሠራው ቦረቦር ገና ትኩስ እያለ ነው። በበጋ ብቻ የዞረ ሰው የአፈር መሸርሸርን አሳንሶ ያያል፤ በመስከረም ብቻ የዞረ ደግሞ አገሩ ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ ያታልለዋል። በጓሳ አካባቢ ከሆናችሁ ቀይ ቀበሮ በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ እንደምትወልድ አስታውሱ፤ በእነዚያ ወራት ወደ ጉድጓዷ አትጠጉ፣ ቦታውንም ለማንም አትናገሩ፣ ፎቶ አንስታችሁም አታሰራጩ።

የምትይዙት ዕቃ፦ ደብተርና እርሳስ (እስክርቢቶ በዝናብ አይጽፍም)፣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ ሜትር፣ ሲባጎ፣ የግንበኛ ውሃ ልክ፣ ልክ አንድ ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ ዱላ፣ ችካሎች፣ ነጭ ሳህን፣ ሰዓትና ፎቶ የሚያነሳ ስልክ።

ዳሩን መዞርና መለካት

ሥራው ያለው እዚህ ነው። ቦታውን ዙሩት፤ በዳሩ ዙሪያ በየመቶ እርምጃው ቁሙና ከውጭ ወደ ውስጥ የሚገፋውን ነገር ፈልጉ። የታረሰ ድንበር፣ አዲስ ጉቶ፣ የከብት ዱካ፣ ቦይ፣ የድንጋይ ካባ፣ ቆሻሻ፣ የተቃጠለ ሣር፣ የእግር መንገድ። እያንዳንዱን በቁጥር ካርታው ላይ ምልክት አድርጉበት፤ ፎቶም አንሱ። ፎቶው ውስጥ የማይንቀሳቀስ ነገር፣ ትልቅ ድንጋይ ወይም የቤተ ክርስቲያን ጉልላት፣ ይግባ፤ በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ቆማችሁ እንድታነሱት።

*የማሳ ዳርና ቁልቁለት።* ገብስ ቀድሞ በማይደርስበት ከፍታ ላይ ሲታረስ ካያችሁ ቁልቁለቱን ለኩ። የአንድ ሜትሩን ዱላ አንድ ጫፍ መሬት ላይ አሳርፉ፣ ሌላውን ወደ ቁልቁለቱ አቅጣጫ አየር ላይ ይዛችሁ በውሃ ልክ አስተካክሉ፤ ከዚያ ከተንጠለጠለው ጫፍ እስከ መሬት ያለውን ለኩ። 30 ሳንቲሜትር ከሆነ ቁልቁለቱ 30 በመቶ ነው፤ 60 ከሆነ 60 በመቶ። በሦስት ቦታ ለክታችሁ አማካዩን ውሰዱ። በገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456/1997 ቁልቁለቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል፣ ለዛፍ፣ ለቋሚ ተክልና ለመኖ እንዲውል ተደንግጎ ነበር። አሁን የሚሠራበትን ደንብ ከወረዳው የመሬት አስተዳደር ጠይቁ፤ ልኬቱ ግን በማንኛውም ሕግ ያው ልኬት ነው። ገበሬውን ለመክሰስ ብላችሁ አትለኩ። ሌላ መሬት ቢኖረው እዚያ ገደል ላይ በሬ አያቆምም ነበር፤ ይህም ራሱ በግምገማው መጻፍ ያለበት ምክንያት ነው።

*አፈር።* ችካል ትከሉ። ግማሽ ሜትር የሚሆን የብረት ወይም የጠንካራ እንጨት ችካል ከመሬት በላይ ልክ 10 ሳንቲሜትር እንዲቀር አድርጋችሁ ምቱት፤ ከክረምት በኋላ መልሳችሁ ለኩ። 10 የነበረው 11 ከሆነ አንድ ሳንቲሜትር አፈር ሄዷል ማለት ነው። ይህ ትንሽ ይመስላል። አንድ ሚሊሜትር አፈር ከአንድ ሔክታር ሲታጠብ 10 ሜትር ኩብ ነው፤ አንድ ሳንቲሜትር ሲሆን ደግሞ 100 ሜትር ኩብ። ይህን በስብሰባ ላይ በጭነት መኪና አስልታችሁ ብትናገሩት ቤቱ ጸጥ ይላል። ቦረቦር ካለ ጫፉ ላይ ችካል ተክላችሁ ወደ ላይ ስንት ሜትር እንደተጓዘ በየዓመቱ መዝግቡ።

*የደን ዳር።* በወፍ ዋሻም ሆነ በአጥቢያ ደን፣ 20 በ20 ሜትር የሆኑ ሦስት ካሬዎች በሲባጎ አጥሩ፦ አንዱን ዳሩ ላይ፣ አንዱን 100 እርምጃ ገባ ብሎ፣ አንዱን 300 እርምጃ ገባ ብሎ። በእያንዳንዱ ውስጥ የቆሙ ትልልቅ ዛፎችን፣ ጉቶዎችንና ከጉልበት በታች የሆኑ ችግኞችን በየዓይነታቸው ቁጠሩ። ትልልቆቹ ጥዶችና ዝግባዎች ቆመው ችግኝ ከሌለ፣ ያ ደን ሽማግሌዎቹን ብቻ ይዞ የቀረ ነው፤ ከብት እየበላው ወይም እየረገጠው ነው ማለት ነው። ጉቶው ዳሩ ላይ ብዙ ሆኖ በመሐል ከሌለ ጥበቃው ገና ይሠራል። በሦስቱም ካሬዎች እኩል ከሆነ ግን መንገድ ተከፍቷል። ጉቶው ትኩስ መሆኑን ከቀለሙና ከሙጫው ለዩ። የሚቆረጠው ለማገዶ ይሁን ለቤት ወይም ለገበያ ጠይቁ። ማገዶ ባጣ አገር ኩበት ይነዳል፣ ኩበት ሲነድ ደግሞ ማሳው ፍግ ያጣል፤ ምርት የቀነሰበት ገበሬ ወደ ዳሩ ይገፋል። ይህን ሰንሰለት ያልጻፈ ግምገማ «ሕገወጥ ጭፍጨፋ» ብሎ ያልፋል፣ መፍትሔውም ዘበኛ ብቻ ይሆናል።

*ምንጭ።* ውሃው በአንድ ቱቦ ወይም ቅጠል እንዲወርድ አድርጋችሁ ጀሪካኑ በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ ያዙ። 20ን ለሰከንዱ አካፍሉ። በ40 ሰከንድ ከሞላ ምንጩ በሰከንድ ግማሽ ሊትር ይሰጣል፤ ይህም በቀን 43,200 ሊትር ነው። ሦስት ጊዜ ለክታችሁ አማካዩን ጻፉ። ከምንጩ ዙሪያ በ50 ሜትር ውስጥ ያለውን ሁሉ ቁጠሩ፦ ስንት ባሕር ዛፍ፣ ስንት አገር በቀል ዛፍ፣ ሽንት ቤት አለ ወይ፣ ከብት በቀጥታ ይገባል ወይ። ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን የገባና የብዙ ቤት ማገዶና ገቢ የሆነ ዛፍ ነው፤ ጠላት አድርጋችሁ አታቅርቡት። ጥያቄው የት ተተከለ የሚለው ነው። ኮረብታ ላይ ያለውና ምንጭ ራስ ላይ ያለው አንድ አይደለም።

*ጅረት።* ቀጥ ያለ 10 ሜትር ምረጡ። ብርቱካን ወይም የእንጨት ቁራጭ ከላይ ጣሉና ታች እስኪደርስ ሰከንዱን ያዙ። ስፋቱን፣ በአራት አምስት ቦታም ጥልቀቱን ለኩ። ስፋት ሲባዛ በአማካይ ጥልቀት ሲባዛ በፍጥነት፣ ከዚያ በ0.8 (ታችኛው ውሃ ከላይኛው ስለሚዘገይ)። ስፋቱ 2 ሜትር፣ ጥልቀቱ 25 ሳንቲሜትር ቢሆንና ቁራጩ በ20 ሰከንድ ቢደርስ፣ ጅረቱ በሰከንድ 200 ሊትር ያህል ያሳልፋል። ውሃው ደራሽ ከሆነ ወይም ከጉልበት በላይ ከሆነ አትግቡበት።

ቀጥሎ ድንጋይ አንሡ። ከሥሩ የተጣበቁትን ትናንሽ ነፍሳት ነጭ ሳህን ላይ አራግፉ። ጭራቸው ላይ ሁለት ወይም ሦስት ቀጫጭን ክር ያላቸው ጠፍጣፋ ነፍሳት በብዛት ካሉ ውሃው በቂ አየር አለው። እነሱ ጠፍተው ቀያይ ክር መሳይ ትሎች ብቻ ከተገኙ ውሃው በቆሻሻ ታፍኗል። ይህ ምርመራ ከላቦራቶሪ የሚበልጥበት ነገር አለው፤ ትናንት ማታ የተለቀቀ ፍሳሽ ዛሬ ጠዋት አልፎ ቢሄድም ነፍሳቱ ግን ያለፉትን ሳምንታት ይናገራሉ።

ከከተማ በታች ያለ ወንዝ ሲሆን ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ደብረ ብርሃን በሕዝብም በፋብሪካም በፍጥነት እያደገች ያለች ከተማ ናት፤ በሬሳን የሚጠጡ ከብቶች፣ በእሱ የሚያጠጡ ማሳዎች ታች አሉ። ፍሳሽ የሚገባበትን ቦታ ስታገኙ ሁልጊዜ ሁለት ቦታ መርምሩ፦ ከመግቢያው በላይና ከመግቢያው በታች። ከታች ብቻ የተወሰደ ናሙና ማንንም አያሳምንም፤ «ድሮም እንዲህ ነበር» ይባላል። ቀለሙን፣ ሽታውን፣ አረፋውን፣ ነፍሳቱን ጻፉ፤ ከትምህርት ቤት ላቦራቶሪ የአሲድነት መለኪያ ወረቀት ከተገኘ በሁለቱም ቦታ ንከሩት። ሰዓቱንም ጻፉ፤ በተለያየ ሰዓትና ቀን ድገሙት። የላቦራቶሪ ናሙና የሚያስፈልግ ከሆነ የወረዳው ወይም የዞኑ አካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ራሱ እንዲወስድ ጠይቁ፤ ክርክር ቢነሳ የሚጸናው የእሱ ናሙና ነው።

*ጨፌ።* ቦይ ፈልጉ። ጨፌ የሚሞተው በቦይ ነው። ዳሩን ስትዞሩ የተቆፈረ ቦይ ካገኛችሁ ርዝመቱን፣ ጥልቀቱን፣ ውሃውን ወዴት እንደሚወስድ መዝግቡ። ዱላ ወደ መሬት ሰክታችሁ እርጥበቱ በስንት ሳንቲሜትር እንደሚጀምር ለኩ። በአገራችን ብቻ የሚገኘው ሰማያዊ ክንፍ ያለው ዝይ የሚኖረው በእንደዚህ ያለ የደጋ ጨፌ ዳር ነው፤ ታይቶ ከሆነ ጻፉ።

*ገደልና ስንጥቅ።* የደብረ ሲናና የጣርማ በር አፋፍ የመሬት መንሸራተት የሚያጋጥመው ቦታ ነው። ከገደሉ አፍ በላይ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ስንጥቅ፣ የዘመሙ ዛፎች፣ በድንገት የበቀለ ወይም የጠፋ ምንጭ ካያችሁ፣ ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ችካል ተክላችሁ በመካከላቸው ያለውን ርቀት ለኩ። በክረምት ርቀቱ እየሰፋ ከሄደ ነጥብ እስክትሰጡ አትጠብቁ፤ ለቀበሌው በዚያው ቀን አሳውቁ፣ ታች ላሉት ቤቶችም ንገሩ።

ስጋቱን መንገዱን ተከትሎ መጻፍ

የመዘገባችሁትን እያንዳንዱን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ ዓረፍተ ነገሩም ሦስት ነገር ይያዝ፦ ከየት ይነሳል፣ በምን በኩል ይደርሳል፣ ማንን ይጎዳል። «ውሾች» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ ምንም አልተባለም። እንዲህ ይጻፍ፦ «ከመንደሩ ያልተከተቡ ውሾች ከእረኞች ጋር ወደ ጓሳ እየገቡ የእብድ ውሻ በሽታን ወደ ቀይ ቀበሮ ሊያስተላልፉ ይችላሉ።» አሁን መንገዱ ታየ፤ የት ላይ ሊቆረጥ እንደሚችልም ታየ። ውሻውን ማስከተብ ይቻላል፣ ወደ ጓሳ እንዳይገባ ማሰር ይቻላል። ይህ ስጋት እንዲያው የተፈራ አይደለም። በባሌ ተራሮች በሽታው በተደጋጋሚ ወረርሽኝ ሆኖ ገብቶ ቀይ ቀበሮዎችን በብዛት ፈጅቷል፤ በዓለም ላይ የቀሩት ደግሞ ከ500 እንደማይበልጡ ይገመታል። የሞተ ቀበሮ ወይም ውሻ ብታገኙ በእጃችሁ አትንኩ፤ ቦታውን መዝግባችሁ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ አሳውቁ።

ነጥብ መስጠት

ለእያንዳንዱ ስጋት ሁለት ነጥብ ስጡ። የመድረስ ዕድሉ ከ1 እስከ 5፦ 1 በሰው ዕድሜ አንዴ ቢደርስ ነው፣ 3 በየጥቂት ዓመቱ የሚመጣ፣ 5 አሁን እየደረሰ ያለ። ጉዳቱም ከ1 እስከ 5፦ 1 በአንድ ክረምት ራሱን የሚጠግን፣ 3 በሰው ድካም በአሥር ዓመት ውስጥ የሚመለስ፣ 5 ጨርሶ የማይመለስ። ሁለቱን አባዙ።

ለምሳሌ አንድ የደጋ ቀበሌ እንውሰድ። ምንጭ ራስ ላይ የተተከለ ባሕር ዛፍ፣ አሁን ያለ ስለሆነ ዕድሉ 5፣ ተነቅሎ በአገር በቀል ሊተካ ስለሚችል ጉዳቱ 3፤ 15 ይሆናል። የጅረት ዳር በበግ መረገጥ 5 በ2፣ 10። የከተማ ፍሳሽ 4 በ4፣ 16። የእብድ ውሻ በሽታ ወደ ጓሳ መግባት 2 በ5፣ 10። በቁጥሩ ብቻ ከሄድን የበጎቹ መረገጥና የቀበሮዎቹ ማለቅ እኩል ሆኑ! ስለዚህ አንድ ሕግ ጨምሩ፦ ጉዳቱ 5 የሆነ ማንኛውም ስጋት፣ ዕድሉ ቢያንስም፣ ከዝርዝሩ ራስ ላይ ይቀመጣል። የማይመለስን ነገር ከሚመለስ ጋር ማመዛዘን አይገባም። በዚህ አልደራደርም።

ከነጥቡ ጎን ማስረጃውን በፊደል አመልክቱ። ራሳችሁ የለካችሁት ወይም ያያችሁት ሀ፤ ከአንድ በላይ ሰው የነገራችሁ ለ፤ የገመታችሁት ሐ። ነጥቡ ከፍተኛ ሆኖ ማስረጃው ሐ የሆነ ስጋት ቀጣዩ ዙር በእሱ እንዲጀመር ይነግራችኋል።

ነጥቡን በየግላችሁ ሰጥታችሁ ኋላ አወዳድሩ። ውሃ ቀጂዋ 5 ስትሰጥ ሊቀመንበሩ 2 ከሰጠ፣ አማካይ አታውጡ። ለምን እንደተለያዩ ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ አንዱ ያየውን ሌላው አላየም።

አዲስ ሥራ ሲመጣ

መንገድ፣ የድንጋይ ካባ፣ ፋብሪካ ወይም መስኖ በመኖሪያው አጠገብ ሊሠራ ነው ከተባለ ግምገማችሁን ይዛችሁ ቅረቡ። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ግምገማ የሚያስፈልጋቸው ፕሮጀክቶች ጥናታቸው ሳይጸድቅ ሥራ እንዳይጀምሩ ይከለክላል፤ ጥናቱም ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት እንዲሰጥበት ያዛል። የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ መብት መሆኑን ያስቀምጣል። ስትሄዱ በስሜት ብቻ ሳይሆን በልኬት ሂዱ፦ «ምንጩ በሚያዝያ በሰከንድ ይህን ያህል ይሰጣል፣ ይህን ያህል ቤት ይጠጣዋል፣ ካባው የታሰበው ከእሱ ይህን ያህል ሜትር ላይ ነው፣ ምን ታደርጋላችሁ?» መልሱን በጽሑፍ ጠይቁ።

ወደ ውሳኔ

ከዝርዝሩ ራስ ላይ ያሉትን ሦስት ስጋቶች ብቻ ውሰዱ። ለእያንዳንዱ ምን እንደሚደረግ፣ ማን እንደሚያደርገውና እስከ መቼ ጻፉ። «ኅብረተሰቡ ግንዛቤ እንዲያገኝ ይደረጋል» ማለት ውሳኔ አይደለም። «በምንጩ ዙሪያ 50 ሜትር ውስጥ ያለው ባሕር ዛፍ ከባለቤቶቹ ጋር ተስማምቶ እስከ መጋቢት ይነቀላል፤ ምትክ መትከያ ቦታ ቀበሌው ይሰጣል፤ የሚከታተለው የውሃ ኮሚቴው ነው» የሚለው ውሳኔ ነው። የሚጎዳ ሰው ካለ ምትኩ በዚያው ወረቀት ላይ ይስፈር፤ ያለዚያ ችግኙ በሌሊት ይነቀላል።

ወረቀቱን በሦስት ቅጂ አድርጉ፦ አንዱ በቀበሌ ጽሕፈት ቤት፣ አንዱ በወረዳው አካባቢ ጥበቃ፣ አንዱ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት። ሊቀመንበር ይቀየራል፣ ባለሙያ ይዛወራል፤ ትምህርት ቤቱ ግን በየዓመቱ አዲስ ክበብ ስለሚያቋቁም ደብተሩን የሚያነሳ ሰው አያጣም። ካርታው ላይ ችካሎቹ ያሉበትን ቦታ፣ ፎቶ የተነሳበትን ነጥብና የተለካበትን ወር በግልጽ ጻፉ። በሚቀጥለው ዓመት የሚዞሩት ሌሎች ሰዎች ቢሆኑም በዚያው ወር፣ በዚያው ችካል፣ በዚያው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይለኩ፤ ከመዞራቸው በፊትም ያለፈው ዓመት ሦስት ውሳኔዎች የትኞቹ እንደተፈጸሙ አንብበው ይነሱ።